ባቡር የማያልፍባቸው ድልድዮች

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ስለ ድሮው ምድር ባቡር፣ በተለይ ስለ ድልድዮቹ ላውራችሁ።

አዲሱ የአዲስ አበባ–ጅቡቲ የኤሌክትሪክ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ የራሱን ሰፊ ሀዲድ ይዞ ነው የመጣው። ባለ አንድ ሜትሩ አሮጌ ሀዲድ ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ድረስ ሥራ አቁሞ ቀረ። አንዳንዱ ቦታ ተነቅሎ ተወስዷል፤ አንዳንዱን ሣር ውጦታል።

እኔ እነዚህን ቦታዎች ማየት እወዳለሁ። ባቡር ላይ ሆናችሁ ስታልፉ ድልድዩን አታዩትም፤ ከሥር ቆማችሁ ስታዩት ግን የሰው ድካም ይታያችኋል። ድንጋዩን የጠረበው፣ በዚያ በረሃ ብረቱን ተሸክሞ የገጠመው ሰው ትዝ ይላችኋል። አፄ ምኒልክ ለስዊዙ መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ሥራ ፈቃድ የሰጡት በ1886 ዓ.ም. ነው። ሥራው ከጅቡቲ ተነሥቶ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ነው። መንገድ ላይ ሀዲዱ ወደ ሐረር ልውጣ ቢል ተራራው ከለከለውና ታች ሜዳው ላይ ቆመ። ድሬዳዋ የተቆረቆረችው እንዲህ ነው።

ከሁሉም የሚከብደኝ አዋሽ ነው። በጥር 1977 ዓ.ም. ሰው የጫነ ባቡር አዋሽ አጠገብ፣ ኩርባ ላይ ካለ ድልድይ ወደ ገደል ገባ። ከ400 በላይ ሰው አለቀ። ኩርባው ላይ ፍጥነቱን አልቀነሰም ነበር። ስንት ቤት ለቅሶ እንደገባ አስቡት። እዚያ አካባቢ ቲክቶክ ልሥራ ብሎ የሚሄድ ወጣት ካለ፣ መጀመሪያ ይህን ቢያውቅ ደስ ይለኛል። አትሂድ አልልም። ሲደርስ ግን ትንሽ ዝም ብሎ ይቁም።

ደግሞ እባካችሁ ድልድዩ ላይ አትውጡ። ለእግረኛ አልተሠራም፤ መደገፊያም የለውም። ሀዲዱን በተሸከሙት ብረቶች መሃል ቁልቁል ገደሉ ነው የሚታየው። ብረቱም ስንት ዓመት ጠጋኝ አላየም። ከጎን ሆናችሁ እዩት። አገሩን የሚያውቅ ሰው ይዛችሁ ሂዱ። ጥበቃ ካለ ደግሞ ካሜራ ከማውጣታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ።

እኔን የሚያንገበግበኝ ብረቱ ለቁራሌ መቅረቱ ብቻ አይደለም። መስመሩን በቃላቸው የሚያውቁት ሠራተኞችም እያረጁ ነው። ባቡር ነጂው፣ መካኒኩ፣ ጎርፍ ሀዲዱን ሲወስድ ሌሊት ወጥቶ የሚጠግነው ሁሉ ጡረታ ወጥቷል። ፈረንሳይኛውን እዚያው ሥራ ላይ የለመዱ አሉ። ድሬ ወይም አዋሽ ያላችሁ፣ ቤታችሁ እንዲህ ያለ አባት ካለ ቡና አፍሉና ጠይቋቸው። የትኛውን ኩርባ ይፈሩ ነበር? የትኛው ድልድይ ክረምት በመጣ ቁጥር ያስቸግራቸው ነበር? በስልካችሁ ቅዱትና እሳቸው ከፈቀዱ ላኩልኝ፤ በሚቀጥለው ክፍል ድምፃቸውን አሰማለሁ።