ከጄሪካኑ እስከ ስኒው፦ አልጌን ከውሃው ስለመለየት

(በኮምቦልቻ ለምህንድስና ተማሪዎችና ለፋብሪካ ባለሙያዎች የተዘጋጀ ንግግር)

የተከበራችሁ መምህራን፣ ከሥራችሁ ጊዜ ወስዳችሁ የመጣችሁ የፋብሪካ ባለሙያዎች፣ ውድ ተማሪዎች፤

እዚህ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጥኩት ቢጫ ጄሪካን አልጌ፣ ማለትም ውሃ ውስጥ የሚያድግ ጥቃቅን አረንጓዴ ሕያው፣ ከሚራባበት ክፍት ገንዳ የተቀዳ 20 ሊትር አረንጓዴ ውሃ ይዟል። መልኩን ላየ ሰው ብዙ ነገር ያለበት ይመስላል፤ ነገር ግን እንዲህ ባለ ገንዳ በአንድ ሊትር ውሃ ውስጥ የሚገኘው ደረቅ አልጌ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ እስከ አንድ ግራም ስለሆነ፣ ከዚህ ጄሪካን የሚወጣው ከ10 እስከ 20 ግራም ብቻ ነው። ስለ አልጌ ነዳጅ ሲወራ በፍጥነት መራባቱ፣ ዘይት ማከማቸቱና የእርሻ መሬት አለመሻማቱ ይነሳል፤ እውነት ነው። እኔ ግን ዛሬ የምናገረው ስለ ውሃው ነው፤ ሥራውን አዋጭ ወይም አክሳሪ ከሚያደርጉት ነገሮች ዋነኛው እርሱ ነውና።

ሒሳቡን አብረን እናስላ። አንድ ኪሎ ውሃ አሙቆ ለማትነን 2.6 ሜጋጁል ገደማ ሙቀት ያስፈልጋል። ስለዚህ ይህን ውሃ ምድጃ ላይ ጥደን እስኪደርቅ ብንጠብቅ 52 ሜጋጁል እናወጣለን፤ 10 ግራሙ ደረቅ አልጌ ተቃጥሎ የሚመልስልን ደግሞ 0.2 ሜጋጁል ገደማ ነው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ውሃ እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ይህ ግን እምብዛም አይጠቅመንም፤ ትልቁን ሙቀት የሚበላው ውሃውን ለመፍላት ማድረሱ ሳይሆን ወደ እንፋሎት መለወጡ ነው።

እናቶቻችን አይብ ሲሠሩ አሬራውን እስኪደርቅ አያነዱበትም። ለስላሳ እሳት ላይ ያኖሩታል፣ አይቡ ይቋጠራል፣ አጓቱ ይለያል፣ ከዚያም ይጠልላል። ውሃው ውሃ ሆኖ ይሄዳል እንጂ እንፋሎት አይሆንም። በአልጌም ልንይዘው የሚገባን መንገድ ይኸው ነው።

ችግሩ የአልጌ ሕዋስ በአብዛኛው ከ2 እስከ 20 ማይክሮሜትር ብቻ የሚሰፋ፣ ክብደቱም ከውሃ ብዙ የማይለይ መሆኑ ነው። በዚያ ላይ የሕዋሶቹ ገጽ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል ስላለው እርስ በርስ ይገፋፋሉ፤ ተንሳፍፈው ይቀራሉ። ውሃ ለማጥራት የሚያገለግለው ጨው፣ አሉም፣ ሲጨመር ያ ግፊያ ይረግባል፤ ሕዋሶቹም ተያይዘው ጓል ይሠራሉ። የጓሉ ስፋት ከአንዱ ሕዋስ አሥር እጥፍ ቢሆን፣ የጥግግት ልዩነቱ እንዳለ ሆኖ፣ የመስመጥ ፍጥነቱ መቶ እጥፍ ይሆናል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም አሉሙ ከአልጌው ጋር አብሮ ይቀራል፤ ተረፈ ምርቱን ለከብት መኖ ለሚያስብ ሰው ይህ ትልቅ እንቅፋት ነው። የሽፈራው (የሞሪንጋ) ፍሬ ዱቄት አወንታዊ ሙል ያለው ፕሮቲን ስላለው ተመሳሳይ ሥራ ይሠራል፤ እኔም የማደላው ወደዚህ ነው።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ ባለው አረንጓዴ ሐይቅ የሚገኘው ስፒሩሊና የተባለው የአልጌ ዓይነት ረጅም ክር መሰል በመሆኑ በጨርቅ ይጠለላል፤ በቻድ የካኔም ሴቶችም ከጥንት ጀምሮ እንዲሁ እያጠለሉ ለምግብ ያደርቁታል። ዘይቱ ግን ትንሽ ስለሆነ ለናፍጣ አይመረጥም።

በማርጋትና በማስመጥ አልጌው ከመቶ 5 እጅ ያህል ጠጣር የያዘ ፈሳሽ ይሆናል፤ የጄሪካናችን አልጌ አንድ ብርጭቆ ውስጥ ገባ ማለት ነው። በሴንትሪፊዩጅ፣ ማለትም እያሽከረከረ ጠጣሩን ከውሃው በሚለይ ማሽን፣ ወይም በማጣሪያ ጨርቅ ከመቶ 20 እጅ ሲደርስ ደግሞ አንዲት የቡና ስኒ ትበቃዋለች። ሴንትሪፊዩጅ ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ገንዳውን በሙሉ እንዲያሽከረክር ከተገደደ ግን የመብራት ሒሳቡ ትርፉን ይውጠዋል። ስለዚህ መጀመሪያ ማርጋት፣ ቀጥሎ ማሽን።

ለማድረቅ በፀሐይ ብቻ መተማመን እንደማይበቃ የተማርኩት በራሴ ጥፋት ነው። እንዲህ የወፈረውን የአልጌ ሊጥ በጥቁር ላስቲክ ላይ ጣት በሚያህል ውፍረት ዘረጋሁት፤ ላዩ ቅርፊት ሠራ፣ ውስጡ ግን እርጥብ ሆኖ ቀረና ወደ ማታ ሸተተ። በስሱ መዘርጋት ነበረበት። በክረምት ደግሞ ይህም አይሆንም።

ስለዚህ ሳይደርቅ መሥራት የሚያስችለውን መንገድ በትኩረት እንድታዩት እለምናለሁ። ከ300 እስከ 350 ዲግሪ ባለ ሙቀትና በከፍተኛ ግፊት እርጥቡ ሊጥ ራሱ ወደ ድፍድፍ ዘይት ይለወጣል፤ ግፊቱ ውሃው እንዳይተን ስለሚይዘው ያ ትልቁ ወጪ ይቀራል፤ ሙቀቱንም ለሚቀጥለው ሊጥ ማሞቂያ መልሶ መጠቀም ይቻላል። ይህም ቢሆን የሚጀምረው ከረጋው አልጌ እንጂ ከገንዳው ውሃ አይደለም። ገንዳ ከመቆፈራችን በፊት ማርጊያውን እንሥራ የምለው ለዚህ ነው። ኮምቦልቻ ስለ ጨርቅ የሚያውቁ ሰዎች ያሉባት ከተማ ናት፤ ለሊጡ የሚስማማውን የማጣሪያ ጨርቅ ሽመናና ቀዳዳ መርጦ መሞከር ከእናንተ እጅ የራቀ አይደለም።

ከጄሪካኑ አጠገብ ባለው የመስታወት ዕቃ ውስጥ ያለው ውሃ ከዚያው ገንዳ የተቀዳ ነው። ዛሬ ጠዋት የሽፈራው ዱቄት ጨምሬ አማስዬው ነበር። አረንጓዴው ታች ወርዷል። እባካችሁ ከፊት የተቀመጣችሁ ሁለት ተማሪዎች ቀርባችሁ፣ የታችኛውን ሳታናውጡ የላዩን ውሃ በቀስታ ቅዱልኝ፤ የቀረውን በጨርቅ አጥልለን አብረን እንመዝነዋለን።