ከጥር 23 እስከ የካቲት 23

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ከእንጅባራ ድረስ የመጣችሁ እንግዶቻችን፣ ወላጆቻችሁ ጎትተው ፊት ወንበር ላይ ያስቀመጧችሁ ልጆችም ጭምር፣ እንኳን ለዓመታዊው ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ።

የሥራ ክንውኑና የሒሳብ ሪፖርቱ በእጃችሁ ነው፤ ሒሳብ ሹማችንም ከእኔ አሳምሮ ያቀርበዋል። እኔ የተሰጠኝን ደቂቃ በአንድ ጉዳይ ላይ ላውለው። አዲስ አበባ ተወልደው የሚያድጉ ልጆቻችን የአገው ፈረሰኞችን በዓል እንዴት ይወቁት?

ዓድዋን ያውቃሉ። የካቲት ሲገባ በየትምህርት ቤቱ ከካርቶን ጋሻ ይሠራል፣ አንዱ ምኒልክን፣ አንዷ ጣይቱን ሆና ትተውናለች። ደግ ነገር ነው። የፈረሰኞቹ በዓል የሚከበርበትን ጥር 23ን ግን የሚያውቁት ከቴሌቪዥን ነው፤ ያጌጠ ፈረስ፣ ግልቢያ፣ እልልታ፣ ከዚያ የአየር ሁኔታ ዜና ይቀጥላል። ስለዚህ አንዱ ታሪክ፣ ሌላው ትርኢት ሆኖ ይቀርባቸዋል። ለፈተና የሚጠየቁት አያታቸው የማይገኙበትን ነው፤ አያታቸው ያሉበትን ደግሞ የሚጠይቃቸው የለም።

ነገሩ ግን የተለያየ አይደለም። የዓድዋ ጦርነት የተካሄደው የካቲት 23 ቀን 1888 ነው፤ ዕለቱ የቅዱስ ጊዮርጊስ ነበር፣ ታቦቱም አብሮ እንደዘመተ ይታወቃል። የአገው ፈረሰኞች በእንጅባራ የሚሰባሰቡት ደግሞ ልክ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ እንዲሁ በጊዮርጊስ ዕለት ነው። በዓሉ የሚዘክረውም የዘመቱትን አባቶችና የተሸከሟቸውን ፈረሶች ነው። አንድ ልጅ አራዳ ጊዮርጊስ ፊት ለፊት ቆሞ የምኒልክን ሐውልት ቀና ብሎ ቢያይ፣ ፈረሱን፣ ድሉንና የጊዮርጊስን ቤተ ክርስቲያን በአንድ ስፍራ ያገኛቸዋል። ጣሊያን ከተማዋን እንደያዘ ያን ሐውልት ነቅሎ ነበር። ንጉሥ በፈረስ ላይ ተቀምጦ መታየቱ ለወራሪው ምን ማለት እንደነበር ከዚህ በላይ የሚያስረዳ ትምህርት አላውቅም።

ልጆች የፈረስ ስም ይወዳሉ፤ ከዚያ እንጀምር። ምኒልክ አባ ዳኘው፣ ራስ መኮንን አባ ቃኘው፣ ራስ አሉላ አባ ነጋ፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ባልቻ አባ ነፍሶ ይባሉ ነበር። ጌታው በፈረሱ ስም ይጠራ ነበር እንጂ ፈረሱ በጌታው አይጠራም ነበር። ይህን የሰማ ልጅ ቀጥሎ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፤ «የአያቴ ፈረስስ ማን ይባላል?» እዚህ ላይ ነው መልስ ያለው አባት የሚያስፈልገው። በአዊ ምድር ፈረስ የበዓል ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ያርሳል፣ ሙሽራ ያመጣል፣ ለቅሶ ይደርሳል። የከተማ ልጅ በፈረስ ሲታረስ አይቶ የሚደነቀውን ያህል፣ ኮርቻ የተጫነለትን አይቶ አይደነቅም።

አሁን ደግሞ ከበድ ወዳለው ልምጣ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ነው። ዓመተ ምሕረቱን ለልጆቹ በቃል ማስጠናት ቀላል ነው፤ እኔ ግን አጠገቡ አንድ ጥያቄ እንዲቀመጥ እፈልጋለሁ። ከዓድዋ 44 ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ያውም ጣሊያን ከ1928 ጀምሮ አገሩን ይዞ ባለበት ሰዓት፣ ሰዎች ስለ ፈረስና ስለ ፈረሰኛ ብለው ማኅበር ማቋቋማቸው ምን ይነግረናል? መልሱን እኔ አልሰጣቸውም። ከሚቀጥለው ዓመት ክስተት ጋር ያገናዝቡት። በጥር 1933 ንጉሠ ነገሥት ኃይለ ሥላሴ በሱዳን ድንበር ባለችው ኦሜድላ ላይ ገብተው በበላያ በኩል ወደ ጎጃም መሀል ሲያመሩ፣ ዳንግላና እንጅባራ የጣሊያን ጦር የሰፈረባቸው ቦታዎች ነበሩ። የካቲት ላይ ጦሩ እንጅባራን ለቆ ወደ ቡሬ አፈገፈገ። ሚያዝያ 27 በየዓመቱ የምናከብረው የነጻነት በዓል በእኛ ደጅ አልፎ ነው አዲስ አበባ የገባው።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችንን ቅር ሊያሰኝ የሚችል ነገር ልናገር። በየመድረኩ ስንሞቅ የዓድዋን ድል ለብቻችን የምናደርግ ሰዎች አለን። የጎጃም ጦር በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እየተመራ ዘምቷል፤ ከሸዋ፣ ከወሎ፣ ከትግራይ፣ ከየአቅጣጫው የመጣው እግረኛና ፈረሰኛም እንዲሁ። ልጆቻችን ነገ ከሌላ ቤት ልጅ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ሲቀመጡ የሚያሳፍራቸውን ተረት አናስታጥቃቸው። የእኛን ድርሻ በልኩ ብንነግራቸው በቂያቸው ነው።

የአካባቢን በዓል ማስተማር ልጆቹን ያጥራቸዋል የሚል ሥጋትም ከአባላት ሰምቻለሁ። ሥጋቱን አልንቀውም፤ ዘመኑ ያመጣው ነው። ሆኖም የራሱን በዓል ታሪክ የሚያውቅ ልጅ፣ ከሰቆጣ የመጣች ጓደኛው ስለ ሻደይ፣ ከሐዋሳ የመጣው ስለ ፊቼ ጨምበላላ ሲያወራ የሚጠይቀው አያጣም። ስለዚህ በምናዘጋጀው ትምህርት የጎረቤት ልጆችም ይጋበዙ።

የሥራ አስፈጻሚው ሐሳብ የሚከተለው ነው። በጥር 23 እና በየካቲት 23 መካከል ያሉት ቅዳሜዎች የልጆች ይሁኑ። አንዱን ቅዳሜ ፒያሳ በሚገኘው የዓድዋ ድል መታሰቢያ ያሳልፉት። በሌላው ካርታ ዘርግተን የሰባቱን ቤት አገው ስሞች እንፈልግ፤ አንከሻ፣ ባንጃ፣ አዘና፣ ኳኩራ፣ መተከል፣ ዚገም፣ ጫራ። ብዙዎቹ ዛሬም የወረዳ፣ የከተማ ወይም የዞን መጠሪያ ስለሆኑ ልጁ ከአያቱ አፍ የሰማውን ስም መሬት ላይ ያገኘዋል። የቀሩት ቅዳሜዎች ግን የሽማግሌዎቻችን ናቸው። እያንዳንዱ ልጅ ስልኩን ለአንድ ጊዜ ለቁም ነገር ያውለውና አንድ አባት ወይም አንዲት እናት አጠገብ ተቀምጦ ይቅዳ። ጥያቄዎቹ ትንንሽ ይሁኑ። ፈረሱ ዳማ ነበር ወይስ ቦራ? ኮርቻውን ማን ሠራው? ጉግስ ላይ ማን ወደቀ? የበዓሉ ዕለት እናቶች ምን ያሰናዱ ነበር? «ስለ ታሪካችን ንገሩኝ» ተብሎ የተጠየቀ ሽማግሌ ንግግር ያደርጋል፤ ስለ ኮርቻው የተጠየቀ ግን ያስታውሳል። አውኛ የሚናገሩ በአውኛ ይናገሩ፣ ልጁ ያልገባውን ይጠይቅ፤ ቀረጻው ሳይቆራረጥ በማኅበሩ ቤት ይቀመጥ።

እናቶች ሆይ፣ በተለይ እናንተን አደራ እላለሁ። ስለ ፈረሰኛው ሁሉም ያወራል፤ ስንቁን ስላሰናዳችው ግን የሚጠይቅ ጥቂት ነው።

ልጆቹን በቀጣዩ ጥር ወደ እንጅባራ የመውሰዱ ጉዳይ የአውቶቡስ ኪራይና የማደሪያ ወጪ አለው፤ በአጀንዳው ሦስተኛ ተራ ላይ ስለተያዘ እዚያው እንወያይበታለን። ገንዘቡ ካልበቃ ከፍ ያሉት ልጆች እንዲቀድሙ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ ታናናሾቹ እንደማይወዱልኝ ከፊታቸው እያነበብኩ ነው። ልጆቹ እንዲጠይቋችሁ ፈቃደኛ የሆናችሁ አባቶችና እናቶች ስማችሁን በመግቢያው በር ካለው ጠረጴዛ ላይ አስመዝግቡ። ጉባኤው በይፋ ተከፍቷል፤ ጸሐፊያችን ወደ መድረኩ ይምጡልን።