ለቅሶ ቤት ሟቿን የሚያውቅ ሲጠፋ

እንደምን ናችሁ ወዳጆች። ዛሬ እንግዳ የለም፣ ብቻዬን ነኝ። ከጀርባ የሲሚንቶ ማቡኪያ ከሰማችሁ ይቅርታ፤ ቱሉ ዲምቱ ነው ያለሁት፣ እዚህ ግንባታ አያልቅም።

ጎረቤቴ እናቷ የአረጋውያን ማዕከል ውስጥ አረፉባት። መርሳት ይዟቸው ነበር። ድንኳኑ በብሎኮቹ መሀል ተተከለ፣ እድሩ ወንበሩንም ድስቱንም አወጣ፣ ንፍሮው ተቀቀለ። ምንም አልጎደለም። ግን ከተቀመጥነው ውስጥ ሟቿን የሚያውቅ ማን ነበር? እኛ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶልን ከየሰፈሩ የተሰባሰብን ነን፤ እሳቸው ዕድሜያቸውን የኖሩት ልደታ ነው። ስለዚህ አንዱ "ዕድሜ ጠግበዋል፣ ተገላገሉ" ይላል። ሌላዋ ድምጿን እንኳ ሳትቀንስ "ልጅ እያላቸው እንዴት ማዕከል?" አለች። ለቅሶ ቤት ተመጥቶ!

እርግጥ ማዕከል ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን መቄዶንያ ነው፣ ከጎዳና የተነሱ፣ ጧሪ ያጡ ሰዎች። ስለዚህ እናቷን ማዕከል ያስገባች ሁሉ የጣለቻቸው ይመስለናል። ሌሊት በር ከፍተው የሚወጡ እናት ይዞ ሥራ መግባት ምን እንደሆነ ያላየ ሰው መፍረድ ይቀለዋል።

ልጅቷ እኮ ማልቀስ የጀመረችው ያን ቀን አይደለም። ስሟ የጠፋባቸው ጊዜ አልቅሳለች፣ ሻንጣቸውን ይዛ ማዕከሉ በር ላይ አልቅሳለች። ለዚያ ለቅሶ ግን ጡሩምባ የሚነፋ የለም። ፖሊን ቦስ የምትባል አሜሪካዊት ተመራማሪ ብዙ ያጠናችው ይህን ነው፤ ሰውዬው በአካል አለ፣ እንደ ድሮው ግን የለም፣ ሀዘኑም ቁርጥ ስለሌለው ይከብዳል። ቁርጡ ሲመጣ ደግሞ እፎይታም አለ፣ እፎይ በማለትሽ መጸጸትም አለ፣ ሁለቱ ተያይዘው ነው የሚመጡት።

በማግስቱ ከማዕከሉ ሁለት ተንከባካቢዎች መጡ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። አንደኛዋ "ጤና አዳም ካልገባበት ቡና አይቀምሱም ነበር፣ ግቢው ውስጥ ተከልንላቸው" አለች። ልጅቷ ቀና አለች። የመጨረሻዋን ሌሊት ማን አጠገባቸው ነበር? ውሃ ቀመሱ? ማንን ጠሩ? ሁሉንም ጠየቀች፣ ሁሉም ተመለሰላት። እኔ ካየሁት ማጽናናት ሁሉ ያ ይበልጣል።

የዓለም ጤና ድርጅት የማስታመም ሕክምናን፣ ማለትም ለሕይወት የሚያሰጋ ሕመም ላለበት ሰው የሚሰጠውን ስቃይ የማስታገስ እንክብካቤ፣ ሲተረጉም ከሞት በኋላ ቤተሰቡን መደገፍንም ይጨምራል። ለእኛ ይህ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ሠልስት አልፎ ድንኳኑ ሲነሳ ሰው ብቻውን ይቀራል፤ ማዕከሉ ያኔ ይደውል፣ ለአርባው ይምጣ። ዕቃቸውንም በፌስታል ቋጥሮ ጥበቃው ጋ አያስቀምጥ። 6 ወር አልፎም ሀዘኑ ሥራና እንቅልፍ ከነሳ ባለሙያ ማየት ነው፤ አማኑኤል ሲባል መደንገጡን እንተወው።

አንድ የከነከነኝ ነገር ልጨምር። ከሟቿ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ የሚተኙትን እናት ማን አረዳቸው ብዬ ተንከባካቢዎቹን ጠየቅኩ። "ቤታቸው ሄዱ ብለናቸዋል" አሉኝ። በዚህ አልስማማም። አረጋውያንም ጓደኛቸውን ማልቀስ ይችላሉ።

እናንተ ሰፈር እድሩ በእንዲህ ያለ ለቅሶ እንዴት እንደሚያደርግ በድምፅ ቅዱና ላኩልኝ። በሚቀጥለው ከአንድ የእድር ዳኛ ጋር ነን፣ የምጠይቃቸው ብዙ ነው።