ተያዥ ያጣው ፈረሰኛ

እንደምን አመሻችሁ!

ወንበር ያልደረሳችሁ ይቅርታ። ከኋላ ሁለት አግዳሚ አለ፣ ተጠጋግታችሁ ተቀመጡ። «ኤ ናይት ኦፍ ዘ ሰቨን ኪንግደምስ» የሚባለውን ተከታታይ ፊልም የመጀመሪያ ክፍል ከማየታችን በፊት ትንሽ አውራ ተብዬ ነው የቆምኩት። በዛ ካላችሁ አጨብጭቡ፣ ይገባኛል።

እውነቱን ልናገር። ወደዚህ ዓለም ተመልሼ እገባለሁ ብዬ አላሰብኩም ነበር። የዚህ ዓለም የመጀመሪያው ተከታታይ ፊልም ጌም ኦፍ ትሮንስ በፈረንጆቹ 2011 ሲጀመር እዚህ ካለነው ብዙዎቻችን ተማሪ ነበርን። ፍላሽ ይዘን ፊልም ቤት ሄደን እናስጭናለን። አንዱ ካስጫነ ሰፈሩ በሙሉ ይቀባበለዋል። ፍላሹ ሲመለስ ቫይረስ ይዞ ነው የሚመጣው። ማን ግድ ሰጥቶት! የትኛው ቤት ከየትኛው እንደተጣላ፣ ማን የማን ልጅ እንደሆነ፣ ከገዛ ዘመዶቻችን የዘር ሐረግ በላይ እናውቅ ነበር።

8 ምዕራፍ፣ 73 ክፍል። ከዚያ 2019 መጣ።

ያየ ያውቀዋል። ስንት ዓመት የተፈተለ ታሪክ በስድስት ክፍል ተጣድፎ አለቀ። የመጨረሻው ምዕራፍ እንደገና ይሠራልን ብለው ከ1.5 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ፊርማ አሰባሰቡ። የሰማቸው ግን የለም። ከሁሉም የረዘመችው ክፍል 82 ደቂቃ ነበረች፣ የሌሊቱ ጦርነት ያለባት። ክፍሌን አጨልሜ እያየሁ መብራት የሄደ መስሎኝ ተነስቼ ቆጣሪ አይቻለሁ። አልሄደም። ለአንዴ እንኳን መብራታችን በሰላም ውሎ ነበር፣ ጨለማው ከፊልሙ ነው።

በ2022 በዚያው ዓለም የተሠራው ሃውስ ኦፍ ዘ ድራገን መጣ። ደህና ሥራ ነው፣ አልክድም። ግን ያው ዙፋን፣ ያው ዘንዶ፣ ያው እርስ በርሱ የሚተላለቅ ቤተሰብ። ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ የሌላ ሰው ቤተሰብ ጸብ ለመከታተል አቅም አጣሁ። አጋምሼ ተውኩት።

ኤ ናይት ኦፍ ዘ ሰቨን ኪንግደምስ ሲጀመርም አልጓጓሁም። አሜሪካ ውስጥ የተላለፈው ጃንዋሪ 18፣ 2026 ነው። በእኛ ጥር 10፣ ከተራ። እኔ ታቦት ስሸኝ ነው የዋልኩት። ከበዓሉ በኋላ አንዱ ጓደኛዬ «እየው፣ ዘንዶ የለውም» አለኝ። ያቺ ቃል ናት የመለሰችኝ።

ዘንዶ የለውም። የመጨረሻው ዘንዶ ከሞተ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። ዙፋኑ አለ፣ ግን ሩቅ ነው። ጊዜው ከጌም ኦፍ ትሮንስ ታሪክ ወደ 90 ዓመት ግድም ቀደም ይላል። ክፍሎቹ ስድስት ብቻ ናቸው፣ እነሱም አጫጭር። መነሻው የጌም ኦፍ ትሮንስን መጻሕፍት የጻፈው ጆርጅ አር. አር. ማርቲን በ1998 ያሳተማት ቀጠን ያለች ታሪክ ናት። በእነዚያ ባለ ሺህ ገጽ መጻሕፍቱ አጠገብ ብታስቀምጧት የበግ ግልገል ትመስላለች።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ደንክ የሚባል ወጣት አለ። ቁመቱ ከሁለት ሜትር ያልፋል። ጌታው ቤት አልባ ሽማግሌ ፈረሰኛ ነበር፣ በየመንገዱ በየአጥሩ ጥግ የሚያድር ዓይነት። ፈረሰኛነት እዚያ በሹመት የሚገኝ የጦረኛ ማዕረግ ነው። ደንክ የእሱ ጋሻ ጃግሬ ሆኖ አድጓል። ሽማግሌው መንገድ ላይ ይሞታል፣ ደንክ ይቀብረዋል። የቀረው ሰይፍ፣ ጋሻ፣ ትንሽ ሳንቲምና ሦስት ፈረስ ነው። አሽፎርድ በምትባል ቦታ የፈረሰኞች ግጥሚያ አለ። እዚያ ሄጄ ስም አወጣለሁ ብሎ ይነሳል።

ግጥሚያው ሁለት ፈረሰኞች ጦር ደግነው ፊት ለፊት የሚጋጩበት ነው። ጉግስ ያየ ስሜቱን ያውቀዋል፣ አጨዋወቱ ቢለይም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ እኔን የያዘኝ እዚህ ስለሆነ። ደንክ ሲደርስ መዝጋቢው «ፈረሰኛ ለመሆንህ ማን ይመሰክርልሃል?» ይለዋል። የሾመው ሽማግሌ ሞቷል። ሽማግሌውን የሚያውቅ አንድ ባላባት ማግኘት አለበት። እናም ድንኳን ለድንኳን ይዞራል። ጌታዬ እኮ እርስዎን አገልግሏል፣ ከጎንዎ ቆሞ ተዋግቷል ይላል። አላስታውሰውም ይሉታል። ሌላው ጋ ይሄዳል። እሱም አያስታውስም።

ሥራ አግኝታችሁ ተያዥ አምጣ የተባላችሁ እጃችሁን አውጡ።

አያችሁ? ግማሽ አዳራሽ። ደሞዝ ያለው፣ ቋሚ የሆነ፣ አንተን የሚያውቅ፣ አውቆም የሚፈርም ሰው። አጎት ጋ ትሄዳለህ፣ «ባለፈው ለአንዱ ፈርሜ ጣጣ ውስጥ ገብቻለሁ» ይልሃል። እኔ ሦስት ሳምንት ዞሬያለሁ። ደንክን ሳየው ፈረንጅ መሆኑን ረሳሁት። እነዚያ ነገሥታት ሁሉ ዓለምን ለመግዛት ሲፋጁ ስምንት ምዕራፍ አይቼ እንደ ደንክ ያለ ሰው አላገኘሁም፤ የሚፈልገው አንድ ፊርማ ብቻ ነው።

እና ፈረሶቹ። ሦስቱም ስም አላቸው፦ ተንደር፣ ቼስትነትና ስዊትፉት። እኛ ዘንድ እኮ ሰው በፈረሱ ነው የሚጠራው። ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው። መጽሐፉ ላይ ደንክ ጥሩር ለመግዛት ስዊትፉትን ይሸጣታል። ከተከፈለው ውስጥ አንዷን ሳንቲም መልሶ ለሰውየው ይሰጥና ማታ አጃ አብላት፣ ፖምም ጨምርላት ይላል። ባዶ ኪስ ያለው ሰው ነው ይህን የሚያደርገው። ከአሥር የንግሥና ሥርዓት ይህችን አንዷን ሳንቲም እመርጣለሁ።

ኤግ የሚባለውን ልጅ አልነግራችሁም። ራሱ የተላጨ፣ ምላሱ የሾለ፣ ለጋሻ ጃግሬነት የማይመጥን ትንሽ ልጅ ነው። የቀረውን ራሳችሁ ድረሱበት። ያወቃችሁም ዝም በሉ፣ በተለይ እዚያ ጥግ ያላችሁት።

ቀለል ይላል ስል ግን የልጆች ነው ማለቴ አይደለም። ልጅ ይዛችሁ የመጣችሁ ካላችሁ አስቡበት። ገና መጀመሪያ ላይ ያ የምናውቀው የጌም ኦፍ ትሮንስ ታላቅ ሙዚቃ ሽቅብ ይወጣል፣ ልባችን ይሞላል፣ ከዚያ ቆርጦ ደንክ ቁጭ ብሎ ሲጸዳዳ ያሳየናል። እኔ ከወንበሬ ወድቄ ነው የሳቅኩት። እናቴ ብታየው ቴሌቪዥኑን ታጠፋዋለች። እንዲህ ያለው ቀልድ አንዳንድ ቦታ በዝቶብኛል፣ ያቺኛዋ ግን ቦታዋ ነበረች። ያንን ሁሉ ግርማ በአንድ ቁጢጥ ገላገለን።

ደም የለም እንዳትሉኝ ደግሞ። ወደ መጨረሻው አካባቢ አለ፣ ከብዶኛልም። በድሮው ፊልም በአንድ ሌሊት ሺዎች ሲያልቁ ፈንዲሻዬን እበላ ነበር። እዚህ ጥቂት ሰው ነው የሚጎዳው። ግን እያንዳንዱን አውቀዋለሁ፣ ማን እንደመሰከረለትም ማን እንደካደውም አይቻለሁ። በማግስቱ ሥራ ቦታ አላወራሁም።

እሺ፣ አጨበጨባችሁ፣ ገብቶኛል። መጀመሪያ የምታዩት ረጅም ወጣት ነው፣ መቃብር ይቆፍራል። ፈረሶቹን ልብ በሉ። ወንድሜ፣ መብራቱን አጥፋልን። አይዟችሁ፣ ይሄኛው ይታያል።