በሩን ክፈት ስትለው በሬውን የሚያይ ጌም

ጤና ይስጥልኝ! በዚህ የደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ስለመጣችሁ በጣም ነው የማመሰግነው፣ እኔም እጄ ሞቅ ሲል በደንብ አወራለሁ።

የሰራሁት ጌም ስዕል ምናምን የለውም፣ ጽሑፍ ብቻ ነው። መንዝ ውስጥ አንድ ቤት፣ ሌሊት፣ በር አለ ጋን አለ ሁለት በርኖስ ተሰቅሏል፣ ጋጡ ውስጥ በሬ ታስሯል። ተጫዋቹ የሚያደርገውን ይጽፋል፣ ኮዱ ደግሞ የቱን ዕቃ ማለቱ እንደሆነ ይለያል፣ ጣጣው እዚች ጋ ነው ያለው። የአክስቴ ልጅ ሊሞክረው ቁጭ አለና «በሩን ክፈት» ብሎ ጻፈ፣ ጌሙ ምን ቢለው ጥሩ ነው? «በሬው አይከፈትም»። ስቆ እስኪጨርስ ሻዩ ቀዘቀዘ።

ጥፋቱ የኔ ነው፣ የፈረንጆቹን ዘዴ እንዳለ ቀድቼ። አሜሪካዊው ፕሮግራመር ዊል ክራውዘር እ.ኤ.አ. በ1976 የሰራው የዋሻ ጌም «አድቬንቸር» ከቃሉ የመጀመሪያዎቹን 5 ፊደላት ብቻ ነበር የሚያየው፣ ጌሙ የተሰራበት ፒዲፒ-10 የሚባለው ኮምፒውተር አንዱ የሜሞሪ ቋቱ 36 ቢት (ማለትም 36 የ0 ወይም የ1 ቦታ) ስለሆነ ባለ 7 ቢት 5 ፊደል ይገባበታል። ለነሱ ይሰራል። የኛ ቃል ግን የሚለዋወጠው ጅራቱ ላይ ነው፣ አናባቢውም ፊደሉ ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ሁለት ፊደል ብቻ ልይ ስል ቁልፍና ቁልቋል ተምታቱ፣ አናባቢውን ልጣለው ስል በርና በሬ አንድ ሆነው አረፉት፣ መጨረሻ ያለችውን «ን» ልቁረጥ ስል ደግሞ ጋን «ጋ» ሆኖ ቀረ!

ስለዚህ መቁረጡን ትቼ ከዕቃው ስም ተነስቼ ማርባት ጀመርኩ። ዩኒኮድ ላይ፣ ማለትም ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር የሚሰጥበት ሰንጠረዥ ላይ፣ ፊደሎቻችን በተርታ ነው የተቀመጡት፣ ከ«ር» ቁጥር ላይ 4 ስትቀንሱ «ሩ» ትመጣለች፣ ሳድሱ ካዕብ ሆነ ማለት ነው፣ «ን» ጨምሩባት በቃ በሩን። በሬ ግን ሳድስ ላይ ስላላለቀ «ውን» ነው የሚቀበለው፣ በሬውን። ላምማ ጉደኛ ናት፣ «ም» ላይ 2 ደምራችሁ «ሟ»፣ ላሟን። ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ሰውም ጌሙም የሚጽፉትን ወደ አንድ ሀ፣ ወደ አንድ ሰ አምጡት፣ አለዚያ «እሣት» ያለው ሰው እሳቱ አጠገቡ እየነደደ «የለም» ይባላል።

በጣም ያስቸገረኝ በርኖሱ ነው። «ጥቁሩን በርኖስ ልበስ» ሲል እኮ «ኡን» ቅጽሉ ላይ ሄዳ ስሙን ባዶውን ትተወዋለች። ስለዚህ ቅጽሉንም ታረቡታላችሁ፣ ብዙ ቃል የገጠመለት ዕቃ ይመረጣል፣ እኩል ከሆኑ ገምቶ ከመሳሳት ይጠይቅ፣ «የቱን? ጥቁሩን ነው ነጩን?»። ደሞ እዛው ክፍል ያለውን ዕቃ ብቻ ይይ፣ የጎረቤት በርኖስ ምን አገባው።

ላፕቶፑ እዚህ አለ፣ ቻርጁ ሳያልቅ ኑና ሞክሩት፣ ያልገባውን ዓረፍተ ነገር እዚህ ወረቀት ላይ ጻፉልኝ። አክስቴ ትናንት «በሩን ክፈትልኝ በሞቴ» ብላ ጽፋ እስካሁን ደጅ ናት።