ከባሕር ዳር እስከ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ይፈጃል?

(ምስል፦ ጣና ከአውሮፕላን መስኮት ሲታይ)

ዋሽንግተን ዘመድ ያለው የባሕር ዳር ሰው ሁሉ ይህን ጠይቆ ያውቃል። ኢንተርኔት ላይ የሁለቱን ከተሞች ስም ብታስገቡ ርቀቱ 11,240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው ይላችኋል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ብሎ ያካፍልና 12 ሰዓት ተኩል ያወጣል። ስሌቱ ልክ ነው። በዚያ ሰዓት የሚደርስ ተሳፋሪ ግን የለም።

(ምስል፦ ሉል ላይ የተወጠረ ክር)

ያ ርቀት ሉል ላይ ክር ወጥሮ እንደመለካት ነው። ክሩ በሊቢያና በስፔን በኩል አድርጎ አትላንቲክን ይሻገራል። እውነተኛው በረራ ግን ጦርነት ያለበትን ሰማይ ይዞራል፤ ስለዚህ ከክሩ ይረዝማል።

ደግሞ ከባሕር ዳር ዋሽንግተን ቀጥታ በረራ የለም። ከደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ተነስታችሁ መጀመሪያ ቦሌ ትወርዳላችሁ። በደብረ ማርቆስ በኩል በመኪና 560 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነው መንገድ በአየር 330 አካባቢ ነው፤ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ችግሩ አቅጣጫው ነው። ዋሽንግተን ወደ ሰሜን ምዕራብ ሆና እናንተ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ትበራላችሁ። የሄዳችሁትን ያህል መልሳችሁ ትመጣላችሁ ማለት ነው።

(ምስል፦ የቦሌ ማኮብኮቢያ)

አሁን ዋናው ነገር ጋ ደረስን። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን ሲኬድ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይሞላል፤ ለዓመታት ደብሊን ላይ ያርፍ ነበር። ሲመለስ ግን ሳያርፍ ይመጣል። ያው አውሮፕላን፣ ያው ርቀት! ለምን?

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል። ከባሕር ዳር እንኳ በ500 ሜትር ገደማ ይበልጣል። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ነው። ሞተሩ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም በስስ አየር ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል። ማኮብኮቢያው ደግሞ የተወሰነ ነው። ስለዚህ ክብደት መቀነስ ግድ ይላል። ሰውና ሻንጣ እንዳይቀር ነዳጁ ይቀነሳል፤ የጎደለው ዝቅ ባለ አገር ይሞላል። የዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ከፍታው 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። እዚያ ታንኩን ሞልቶ መነሳት ይቻላል።

ነፋሱም አለበት። 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ። ሲሄዱ ፊት ለፊት ይገጥማል፤ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋል። ለዚህ ነው መመለሻው 13 ሰዓት አካባቢ የሚሆነው።

(ምስል፦ ትኬት፣ ሰዓቱ ላይ ተጠግቶ)

ትኬት ስታነቡ ደግሞ ተጠንቀቁ። 22:30 የሚለው በእኛ ከምሽቱ 4:30 ነው። መድረሻው 08:00 ከሆነ ደግሞ በዋሽንግተን ሰዓት አቆጣጠር ነው። ስትቆጥሩት ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ብቻ ይመስላል። ግን በእነሱ በጋ ሰባት ሰዓት፣ በክረምታቸው ስምንት ሰዓት እንቀድማቸዋለን። በእነሱ በጋ ከሆነ በእውነት የሚፈጀው 16 ሰዓት ተኩል ነው።

በዚህ ላይ የአገር ውስጡ በረራና ቦሌ ላይ የሚጠበቀው አለ። እናታችሁን የምትሸኙ ከሆነ ቁርጡን ንገሯቸው፦ ከቤት ወጥተው እስኪደርሱ ወደ አንድ ቀን ሙሉ ይጠጋል። መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ በእጅ ቦርሳቸው ይያዙት እንጂ ሻንጣ ውስጥ አይክተቱት።