የትኛው ዕቃ? የህንድ ሙዚየሞች፣ የምርምር ገንዘብና የአድማጮች ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት በህንድ ሙዚየሞች ስብስብ ላይ መሥራት ለሚፈልጉ ተመራማሪዎችና አርቲስቶች ስለሚሰጠው የገንዘብ ድጋፍ ስናወራ ስልኩ ፋታ አልሰጠንም። ሰዓቱ አልቆ በግማሽ የተውኳቸውንና ጭራሽ ያልደረስኩባቸውን ጥያቄዎች እዚህ መልሻለሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው።

ከአዲስ አበባ፦ «የታሪክ ዶክትሬት ተማሪ ነኝ፣ የምጽፈው ስለ ማሊክ አምባር ነው። ህንድ ሄጄ ሥዕሎቹን ለማየት የሚረዳኝ ገንዘብ አለ?»

አለ ወንድሜ። ግን መጀመሪያ እኔ ልጠይቅህ፤ የትኛውን ሥዕል ነው? ማሊክ አምባር ለማያውቁት፣ ከኢትዮጵያ በባርነት ተሽጦ ሄዶ ደካን በሚባለው የህንድ ደጋማ ክፍል ላይ ጦር መሪና የመንግሥቱ ዋና ሰው የሆነ፣ በ1626 የሞተ ሰው ነው። ሃሺም ሣለው የሚባለው የታወቀው ሥዕሉ ያለው ለንደን፣ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ነው። ሌላው ቦስተን ነው። የአምባር ጠላት የነበረው የሙጋሉ ንጉሥ ጃሃንጊር የአምባርን ራስ በቀስት ሲወጋ የሚያሳየው ደግሞ ደብሊን ነው ያለው (በጦር ሜዳ ስላቃተው በሥዕል ወጋው)። ስለዚህ እነዚህን ፍለጋ ዴልሂ ብትሄድ ባዶ እጅህን ነው የምትመለሰው።

ህንድ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። መቃብሩ ኩልዳባድ አለ። በ1610 የቆረቆራት፣ አውራንጋባድ ስትባል ቆይታ በ2023 ቻትራፓቲ ሳምባጂናጋር የተባለችው ከተማ አለች፣ ያስገባላት የውሃ መስመር ጭምር። ፑኔ ውስጥ ባራት ኢቲሃስ ሳንሾዳክ ማንዳል የሚባል፣ በ1910 የተመሠረተ የታሪክ ማኅበር የፋርስኛና የማራቲ ሰነዶች አሉት። ሃይደራባድ ሳላር ጁንግ ሙዚየም የደካን ሥዕሎች አሉት። ለዚህ የሚሆንህ የህንድ ባህል ሚኒስቴር የሚሰጠው የታጎር ብሔራዊ ፌሎሺፕ ነው። በሚኒስቴሩ ሥር ባሉ ተቋማት፣ ማለትም እንደ ሳላር ጁንግ፣ በዴልሂ እንዳለው ብሔራዊ ሙዚየም፣ በ1814 እንደተቋቋመው የኮልካታው ኢንዲያን ሙዚየም ባሉት ስብስብ ላይ ለሚሠራ ነው የሚሰጠው። ነባር ለሆነ ምሁር በወር 80,000 ሩፒ፣ ገና በመነሳት ላይ ላለው 50,000 ሩፒ፣ እስከ ሁለት ዓመት። አንተ የምታየው ሁለተኛውን ረድፍ ነው፤ ዶክትሬቱን ላልጨረሰ ክፍት መሆኑን ግን ከጥሪው አጣራ። ማመልከቻው የሚሄደው ወደ መረጥከው ተቋም ስለሆነ ዕቃህን ሳታውቅ ልታመለክት አትችልም፤ ጥሪው ሲወጣ ደግሞ ስለ ውጭ ዜጎች የሚለውን አንቀጽ ቀድመህ አንብብ።

በጀት ስትሠራ የመጠበቂያ ቀን ጨምርበት። እኔ አንድ ሙዚየም፣ ስሙ ይቅር፣ ሄጄ ሦስት ቀን በረንዳ ላይ ሻይ ስጠጣ ከረምኩ። ሥዕሉ የተቀመጠበት የብረት ቁም ሳጥን፣ እነሱ አልሚራ ይሉታል፣ በሁለት ሰው ቁልፍ ነው የሚከፈተው፤ አንደኛው ቁልፍ ያዥ ደግሞ እህቱን ሊድር አገሩ ገብቷል። በአራተኛው ቀን መጣ። ብዕሬን ተቀብለው እርሳስ ሰጡኝ። ሥዕሉ ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም፣ ጀርባው ላይ በቀይ ቀለም የመዝገብ ቁጥር አለው። አርባ ደቂቃ አየሁት። ያን ቁጥር ከአገሬ ሳልነሳ ይዤው ቢሆን ኖሮ ቀጠሮ አስይዤ እሄድ ነበር። ቪዛህም የምርምር ቪዛ ይሁን። በቱሪስት ቪዛ ገብቼ እሠራለሁ ማለት መዘዝ መጥራት ነው።

ከጎንደር፦ «የቅርስ ጥገና ባለሙያ ነኝ፣ ዲግሪ መጀመር አልፈልግም። አጭር ነገር የለም?»

ላንቺ አይቴክ ነው፣ ህንድ ከ1964 ጀምሮ የምትሰጠው የሙያ ሥልጠና። የአውሮፕላን ትኬት፣ ማደሪያና የኪስ ገንዘብ ይሸፍናል። የሚያልፈው በመሥሪያ ቤትሽና በህንድ ኤምባሲ በኩል ስለሆነ አለቃሽ ካልፈረመልሽ አይሆንም። በዘንድሮው ዝርዝር ውስጥ የሰነድና የቅርስ ጥበቃ ኮርስ እንዳለ እዪ። ዲግሪ የሚፈልግ ካለ ግን አይሲሲአር ስለሚባለው የህንድ የባህል ግንኙነት ምክር ቤት ስኮላርሺፕ ኤምባሲውን ይጠይቅ፤ ባሮዳ ዩኒቨርሲቲ ከ1952 ጀምሮ ሙዚዮሎጂ፣ ማለትም የሙዚየም ሥራ ትምህርት፣ ያስተምራል።

ከሜሪላንድ፦ «ሰዓሊ ነኝ፣ ግሪን ካርድ አለኝ፣ ዜግነት ገና ነው። ምን ላይ ላመልክት?»

ፉልብራይት ኔሩ የሚባለው ድጋፍ ለአሜሪካ ዜጋ ነው፣ ፓስፖርቱ እስኪመጣ እርሺው። የአሜሪካ የህንድ ጥናት ተቋም ግን ግሪን ካርድ ያለውንም ይቀበላል። በ1961 የተቋቋመ ነው፣ ለተመራማሪ ብቻ ሳይሆን በሙያው ለቆየ አርቲስትም ፌሎሺፕ አለው። ዴልሂ አጠገብ ጉሩግራም ላይ ደግሞ የሥነ ጥበብና የአርኪዮሎጂ ማዕከል አለው፣ የፎቶ ክምችቱ በጣም ሰፊ ነው፤ ወደ ሙዚየም ከመሮጥሽ በፊት እዚያ ሁለት ሳምንት ብትቀመጪ አይቆጭሽም።

አርቲስቶች የምትሳሳቱበትን ልንገራችሁ። «ከስብስቡ መነሳሻ እወስዳለሁ» ብላችሁ ትጽፋላችሁ። ይህን ያነበበ ገምጋሚ ምን ይይዛል? ምንም። ሙምባይ ያለው የዶክተር ባው ዳጂ ላድ ሙዚየም አርቲስቶችን እየጋበዘ ከስብስቡ ጋር የሚነጋገር ሥራ ሲያሠራ ቆይቷል፤ ሱዳርሻን ሼቲ በ2010፣ ጂቲሽ ካላት በ2011 እዚያ አሳይተዋል። ሙዚየሙ ውስጥ የከተማዋን ሰዎችና ሙያቸውን የሚያሳዩ ትናንሽ የሸክላ ምስሎች አሉ። «እነዚህን የሸክላ ሰዎች ነው የፈለግኩት፣ ምክንያቱም እናቴ ሽሮ ሜዳ ሸማ ስትሸጥ ነው ያደግኩት» ብትዪ፣ እሱ ማመልከቻ ነው።

ከዱባይ፦ «ባለቤቴ ህንዳዊት ናት፣ ባንጋሎር ያደገች የጨርቅ ዲዛይነር። እሷስ?»

እሷማ በር ሞልቶላታል። እዚያው ባንጋሎር ኢንዲያ ፋውንዴሽን ፎር ዘ አርትስ አለ፣ በ1993 ተቋቁሞ ከ1995 ጀምሮ ድጋፍ የሚሰጥ፣ በቤተ መዛግብትና በሙዚየም ስብስብ ላይ ለሚሠሩም ፕሮግራም ያለው። በእንግሊዝኛ ብቻ ሳይሆን በየትኛውም የህንድ ቋንቋ ማመልከት ይቻላል፣ እኔ በጣም የምወድላቸው ነገር ይኼ ነው። ለንደን ያለውን የህንድ ጨርቃ ጨርቅ ማየት ከፈለገች ከቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም የህንድ ስብስብ ጋር የተያያዘው የኔሩ ትረስት አለ፣ የቻርልስ ዋላስ ትረስትም አለ። ቻርልስ ዋላስ የሚያየው ግን ህንድ ውስጥ የምትኖር ህንዳዊትን ነው፤ አድራሻዋ ዱባይ ከሆነ እዚያ ላይ ትወድቃለች። የህንድ ባህል ሚኒስቴር ደግሞ ለሁለት ዓመት የሚቆይ ሌላ ፌሎሺፕ አለው፣ ከ40 ዓመት በታች ላለ በወር 10,000፣ ከዚያ በላይ ላለ 20,000 ሩፒ። በዚህ ብቻ መኖር አይቻልም፣ ለጉዞና ለቁሳቁስ ግን ይሆናል።

አንድ ነገር ንገራት። ለጥናት ፎቶ ማንሳትና ያንን ፎቶ መጽሐፍ ላይ ወይም ሥራዋ ላይ ማተም የተለያየ ፈቃድ ነው። ሁለቱንም በመጀመሪያው ደብዳቤ ትጠይቅ፣ ክፍያውንም በጀቷ ውስጥ ታስገባ። ሥራው ካለቀ በኋላ መለማመጥ ይከብዳል።

ከስቶክሆልም፦ «ማኅበር አለን። ለአንድ ትንሽ የህንድ ሙዚየም ብር ልከን ከዚያ ለአርቲስቶች እንዲያከፋፍል እንፈልጋለን። ይቻላል?»

እንዲህ በቀላሉ አይቻልም። ህንድ የውጭ ዕርዳታን የሚቆጣጠር ሕግ አላት፣ የ2010 ነው፣ በ2020 ደግሞ ጠበቀ። ተቀባዩ በዚያ ሕግ የተመዘገበ መሆን አለበት፣ ገንዘቡም መጀመሪያ የሚገባው ዴልሂ በሚገኘው ስቴት ባንክ ኦፍ ኢንዲያ ዋና ቅርንጫፍ በተከፈተ ሂሳብ ነው። ከማሻሻያው ወዲህ የተቀበለው ድርጅት ለሌላ ድርጅት ማስተላለፍ ተከልክሏል። ለአስተዳደር ወጪ የሚውለውም ከ50 በመቶ ወደ 20 በመቶ ወርዷል። ብዙ ደግ ሰው ብሩን ልኮ ሙዚየሙን ችግር ውስጥ የሚከተው ይህን ሳያጣራ ነው። እናንተ ብትሆኑ የሚሻለው፣ ተመራማሪውን ወይም አርቲስቱን ስዊድን ላይ መርጣችሁ ወጪውን ራሳችሁ መሸፈን ነው፤ ሙዚየሙ በር ይክፈት፣ ገንዘብ አይንካ። ዕቃ ተውሳችሁ ስቶክሆልም ላይ ኤግዚቢሽን የማድረግ ሐሳብ ካለም ቀድማችሁ አስቡበት። በ1972 በወጣው የቅርስ ሕግ መቶ ዓመት ያለፈው ቅርስ፣ የእጅ ጽሑፍ ከሆነ ደግሞ 75 ዓመት ያለፈው፣ ያለ መንግሥት ፈቃድ ከአገር አይወጣም።

ሙዚየሙ ራሱ ገንዘብ ከፈለገ የአገሩን ኩባንያዎች ይጠይቅ። ትልልቆቹ ከትርፋቸው 2 በመቶ ለማኅበራዊ ሥራ የማዋል የሕግ ግዴታ አለባቸው፣ ቅርስና ኪነ ጥበብም ተፈቅዷል።

ከደሴ፦ «ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ስለ ሲዲዎች፣ ከአፍሪካ ህንድ ሄደው ስለቀሩት ሰዎችና ዘሮቻቸው፣ ማንበብ እወዳለሁ። ፌሎሺፕ የሚሰጠኝ ያለ አይመስለኝም፤ እንዲያው ምን ላድርግ?»

አባቴ፣ እርስዎ ገንዘብ ሳይጠብቁ ቢጀምሩ ነው የሚሻለው። የህንድ መንግሥት ብሔራዊ ሙዚየሞቹን በአንድ ድረ ገጽ ላይ አውጥቷቸዋል፣ ሙዚየምስ ኦፍ ኢንዲያ ይባላል፣ በነፃ ነው። የልጅ ልጅዎ ስልክ ላይ ይክፈትልዎትና በሙዚየም፣ ከዚያ በዕቃ ዓይነት ይፈልጉ። ደስ ያለዎትን ሲያገኙ ቁጥሩን ደብተር ላይ ይጻፉ። ከዚያ ለሙዚየሙ ዳይሬክተር ደብዳቤ ይላኩ፤ ማን እንደሆኑ፣ የትኛው ቁጥር እንደሆነ፣ ምን ማወቅ እንደፈለጉ። አንድ ገጽ ይበቃል። ዝም ካሉዎት በወሩ ድገሙት፤ እኔም መልስ ያገኘሁት በሦስተኛው ነው።